ሰባተኛው እግር

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አረጋሽ ዓይኗን በጥቁር ሻሽ አስራ የሰው እግር ትዳስሳለች። የማሳጅ ማሠልጠኛው አዳራሽ ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበርና መስኮቱ ጥቂት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። የአዳማ ፀሐይ ገና በማለዳው ቆርቆሮውን ስታሞቀው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የመታሻው ዘይት፣ በረኪና የነካው አንሶላና የሰው ላብ ተቀላቅለው ከሻሹ ሥር እየገቡ አፍንጫ ላይ ይቀመጣሉ። ስድስት አልጋዎች ግርጌያቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ስድስቱ በደረታቸው ተኝተው ፊታቸውን በአልጋው ቀዳዳ ውስጥ ያደርጋሉ፤ ከቀኝ ጉልበታቸው በታች ያለው ብቻ ሲቀር ሌላው ሰውነታቸው በአንሶላ ይሸፈናል። የቀሩት ስድስቱ ዓይናቸውን ይታሰራሉ።

ይህን አሠራር ያመጡት መምህር ልሳነወርቅ ናቸው። መምህሩ ነርስ የነበሩ፣ ከሃያ ዓመት በፊት የዓይናቸውን ብርሃን ያጡ፣ ተማሪውን ሁሉ በጫማው ድምፅ ለይተው የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ዓይናችሁን ለምሳ ሰዓት አቆዩት፤ እዚህ የምትሠሩት በጣት ነው» ይላሉ። በአልጋዎቹ ግርጌ ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል። መምህሩ አንድ ጊዜ ሲያጨበጭቡ ተማሪው አንድ እግር ይይዛል፤ ደግመው ሲያጨበጭቡ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቀኝ አንድ አልጋ ያልፋል። ላይ ያለውን ባለ ሁለት ራስ የባት ጡንቻ፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ጠፍጣፋውን፣ ሁለቱ ተጋግዘው የሚያወርዱትን የተረከዝ ጅማት፣ በጎን በኩል ወርደው ከቁርጭምጭሚት ኋላ የሚታጠፉትን ረጃጅሞቹን፣ በጥልቅ የተደበቁትን ሦስቱን በጣቱ ይለይና የየአንዳንዱን ቁጥር በሐምራዊ ማርከር ቆዳው ላይ ይጽፋል። ስድስት ጭብጨባ፣ ስድስት እግር፤ ከዚያ ሻሹ ይፈታል። የተኛ ሰው አይናገርም። የቆመውም ከአንድ ነገር በቀር አይናገርም።

ያ አንድ ነገር «እጄን አንስቻለሁ» ማለት ነው። አንዱ ባት ከሌላው ካበጠ፣ ከጋለ፣ ሲነኩት ካመመ፣ በተለይ ደግሞ ሰውየው ረጅም መንገድ ተቀምጦ የመጣ ከሆነ፣ ተማሪው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይህን ቃል መናገር አለበት፤ መምህሩም ይመጣሉ። «ባት ሁለተኛ ልብ ነው» ብለው ነበር መምህር ልሳነወርቅ። «ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው። ውስጡ የረጋ ደም ካለና እናንተ እያሻችሁ ከሰደዳችሁት መድረሻው ሳንባ ነው። ሰውየው አመስግኗችሁ ይነሣና በሩ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል።» ይህን የተናገሩት ማክሰኞ ዕለት ነው። አረጋሽ ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ቅዳሜ እትዬ ዘነቡ ከደባርቅ ገቡ።

እትዬ ዘነቡ አረጋሽ የተከራየችበት ቤት ባለቤት፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ እየሰፉ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ከመርፌ ብዛት የቀኝ አውራ ጣታቸው እንደ ቀንድ ጠንክሯል። አረጋሽን እንደ ልጅ ነው የያዟት፤ ከትምህርት ስትመለስ «ነይ እስቲ ተለማመጂብኝ» ብለው እግራቸውን ይዘረጉላታል። ስለዚህ ያንን ቀኝ እግር እንደ ደብተሯ ታውቀዋለች፦ የተሰነጣጠቀውን ተረከዝ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ ያለውን የቡታጋዝ ጠባሳ፣ ባቱ ጎን ያለችውን ሽምብራ የምታክል እባጭ። እጇ ሲጥማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «አጥንቼዋለሁ አረጉ፤ አንድ ቀን እኔ ደግሞ አንቺን አስተኝቼ እንዲህ አደርግሻለሁ፣ ቆይ ብቻ» ይሏታል። ሁለቱም ይስቃሉ።

ያን ቅዳሜ እህታቸውን ጠይቀው፣ ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠው ነበር የተመለሱት። «ይቺ እግሬ ድንጋይ ሆናብኛለች» አሉና አልጋቸው ላይ ተንጋለሉ። አረጋሽ ያዘችው። ቀኙ ከግራው ወፍሯል፤ ቆዳው ተወጥሯል፤ ሙቀቱ መዳፏን ገፋው። እጇ ቆመ። ማክሰኞ ያሰመረችበት መስመር ትዝ አላት። ነገር ግን አባቷ ወጌሻ ነበሩ፤ ኢተያ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያበጠ እግር በቅቤ እያለሰለሱ ከተረከዝ ወደ ጉልበት ሲነዱ፣ እብጠት ሲበትኑ፣ በመጨረሻም «ቀለል አለህ?» ብለው ሲጠይቁ እያየች ነው ያደገችው። እጅ ደግሞ ከደብተር ይልቅ የአባትን ነገር ይዞ ይቀራል። እትዬ ዘነቡም «ምነው ቆምሽ?» አሏት። ቅቤ አምጥታ፣ ከተረከዙ ጀምራ፣ ጠበቅ አድርጋ ወደ ላይ ነዳችው።

«ቀለል አለኝ» አሉ እትዬ ዘነቡ። ተነሥተው ወደ በሩ ተራመዱ፤ አራት እርምጃ። በአራተኛው ላይ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ቆም አሉ፤ ከዚያ ወደቁ።

ጎረቤቱ ልብ ነው አለ። ሌላው የመንገድ ድካም ነው አለ። አረጋሽ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበችና ምንም አላለችም። ሥራ ያገኘችበት የፍል ውኃ መታጠቢያ ቤት የምስክር ወረቀቷን እንደያዘች እንድትጀምር እየጠበቃት ነው፤ በእጁ ሰው የሞተበትን ተማሪ ደግሞ መምህር ልሳነወርቅ አያስመርቁም። ዝም አለች፤ ቀብር ላይ ዝም፣ ሠልስት ላይ ዝም። ጥፋቷን አሳምራ ታውቀው ነበር።

ቀብሩ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሐሙስ ጠዋት ሻሿን አስራ ከፋንታነሽ እግር ጀመረች። ፋንታነሽ የልምምድ ጓደኛዋ ናት፤ ባቷ አጭርና ክብ ነው፣ በደንብ ታውቀዋለች። ጭብጨባ፤ ሁለተኛው እግር። ጭብጨባ፤ ሦስተኛው። ዘይቱ ጣቶቿ መሐል እየሞቀ፣ ቆርቆሮው ቀጭ እያለ፣ ስድስተኛውን ጨርሳ ማርከሯን ከደነች። ሻሿን ልትፈታ እጇን ስታነሣ አንድ ጭብጨባ ተሰማ፤ ከሌሎቹ ቀሰስ ያለ፣ ደረቅ ጭብጨባ። መምህሩ ዛሬ ሊፈትኑን ነው ብላ ገመዱን ተከትላ አለፈች። ክቡ ሞልቷልና መድረስ የነበረባት እንደገና ፋንታነሽ ጋ ነው። የያዘችው ባት ግን ረጅምና የላላ፣ የአሮጊት ባት ነበር። ጠፍጣፋውን ጡንቻ አገኘችና በልማድ ቁጥር ሁለትን ጻፈችበት፤ ከዚያ እጇ ወደ ታች ሲወርድ ተረከዙ ሻከራት፤ የተሰነጠቀ ነው።

«አረጋሽ» አሉ መምህሩ ከወዲያኛው ጫፍ። «ሁሉም ሻሹን ፈቷል። አንቺ ማንን ይዘሽ ነው የቀረሽው?»

ፈታችው። ፊት ለፊቷ ፋንታነሽ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን በሶፍት እየጠረገች ነው። «ስንት ጊዜ ነካሁሽ?» አለቻት አረጋሽ። ፋንታነሽ ሳቀች፤ «አንዴ ነዋ፣ ስንቴ ልትነኪኝ ኖሯል?» ባቷ ላይ ያለው የአረጋሽ ጽሑፍ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ነበር።

ድካም ነው አለች ለራሷ። ሰኞ ዕለት በየጭብጨባው ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ስድስት። ትንፋሿን ያዘች። ቆርቆሮው ዝም አለ፤ የሰው እስትንፋስ፣ የጫማ ሲርሲርታ፣ ከውጭ የሚሰማው የባጃጅ ጩኸት ሁሉ አንድ በር እንደተዘጋበት ራቀ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያቺ ደረቅ ጭብጨባ ተሰማች፤ እግሯም ሳታዝዘው ሄደ። ያው ባት ነው፤ ዛሬ ግን ተወጥሯል። ሽምብራ የምታክለዋ እባጭ በቦታዋ አለች። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ሲል ለስላሳው ጠባሳ ከጣቷ ሥር አለፈ። ሙቀቱ እንደዚያ ቅዳሜ መዳፏን ገፋው፤ የቅቤ ሽታም መጣ። እጄን አንስቻለሁ ማለት ነበረባት። ነገር ግን ብትናገር መምህሩ ይመጣሉ፣ እግሩን ይይዛሉ፣ የማን ነው ብለው ይጠይቃሉ።  እጇን እግሩ ላይ እንዳሳረፈች፣ ሙቀቱ ወደ ክንዷ እየወጣ፣ እስኪያልፍ ድረስ ቆመች። 

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእትዬ ዘነቡን ክፍል ከፈተች። ዘመዶቻቸው ዕቃውን ሊወስዱ እስኪመጡ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው፤ በሳምንት አንዴ መስኮት ትከፍታለች። ጥጥና ቆዳ ቆዳ የሚል የታፈነ ሽታ ተቀበላት። አልጋውን ቀብሩ ማግስት እሷ ራሷ ናት ያነጠፈችው፤ አንሶላው ነጭ፣ የታጠበ፣ ገና ከገመድ የወረደ ነበር። አሁን መሐሉ ላይ ተጨማድዷል፤ ሰው የተኛበት ጉድጓድ ሠርቷል። ወደ ግርጌው በኩል፣ የቀኝ እግር ባት በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ሐምራዊ ነገር ተጣብቋል። ጎንበስ ብላ አየችው። ከቆዳ ወደ ጨርቅ የታተመ፣ ፊቱን ያዞረ ቁጥር ሁለት ነበር። አንሶላውን ሳትነካው በሩን ቆለፈች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ዙሩ ሲደርስ አንዴ ራሴን አመመኝ፣ አንዴ ጣቴን ቆረጠኝ እያለች ቀረች። በቆመችባቸው ቀናት ግን ሰባተኛዋ ጭብጨባ አንድም ቀን ሳትሰማ አትቀርም፤ እግሩም በየጊዜው ይበልጥ ያብጣል፣ ይበልጥ ይግላል። መጨረሻ ላይ የተረከዙ ጅማት እንኳ በእብጠቱ ተውጦ ጠፍቶባት ነበር። 

አርባው ደባርቅ ነው የወጣው። «እንደ ልጅ የያዘችው አንቺን ነው» ብለው የእትዬ ዘነቡ ዘመዶች ስለወተወቷት እምቢ ማለት አልቻለችም፤ ሁለት ቀን ሄዳ፣ ሁለት ቀን ተመለሰች። በመመለሻው መስኮት ሥር፣ ጉልበቷ ከፊት ወንበር ጋር ተላትሞ፣ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች። ከደባርቅ ከመነሣቷ በፊት የእትዬ ዘነቡ እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀስ ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«ልጄ፣ እህቴ ስትሞት አጠገቧ አንቺ ነበርሽ አሉ። ምን አለች?»

«ምንም አላሉም» አለች አረጋሽ።

«ታምማ ነበር? እግሬን ያለች መስሎኝ፣ በስልክ።»

«አይ። ደህና ነበሩ።»

ሴትዮዋ ጉልበቷን ቸብ ቸብ አድርገው ተነሡ።

የማጠቃለያው ፈተና በተመለሰች ማግስት ነበር። ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ ቀኝ እግሯ ከበዳት። መቀመጥ ነው አለች። ባቷን በእጇ አልነካችውም፤ ሆን ብላ ነው ያልነካችው። ካልሲዋን ወደ ላይ ስባ ሄደች።

መምህር ልሳነወርቅ ከፈተና በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ሦስት ጥያቄ ጠየቁ። «አንድ እግሩ ያበጠበት ወይም የጋለበት አለ? ሲረግጥ ባቱን የሚያመው አለ? በዚህ ሳምንት ረጅም መንገድ ተቀምጦ የመጣ አለ? ያለ ሰው አይተኛም፤ የሚቀጥለው ዙር ላይ ይፈተናል። አያሳፍርም፣ ተናገሩ።»  አረጋሽ አፏን ከፈተች። ከተናገረች የት ሄደሽ ነበር ይላሉ፣ የማን አርባ ይላሉ፣ በምን ሞቱ ይላሉ፤ እሷም እኒያ የማያዩ ዓይኖች ፊት መዋሸት እንደማትችል ታውቀዋለች። አፏን ዘጋች። «መልካም» አሉ መምህሩ።

በመጀመሪያው ፈረቃ ቆማ ሠራች። ጣቷ አልሳተም፤ ስድስቱን እግር ጨርሳ፣ ሁሉንም ጽፋ፣ ቆመች። ዛሬ ወስናለች፤ ሰባተኛዋ ጭብጨባ ስትመጣ እጇን ታነሣለች፣ ቃሉን ትናገራለች፣ የመጣው ይምጣ። ጭብጨባዋ መጣች። ገመዱን ይዛ አለፈች፤ ሁለት እጇን ዘረጋች። እግር የለም። አንሶላው ብቻ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ በመሐሉ ገና ያልተመለሰ ጉድጓድ ያለበት። አሁን የተነሣ ሰው አልጋ ነበር። ግርጌው በቅቤ ረጥቧል።

አረጋሽ ከደስታዋ የተነሣ ልታለቅስ ደረሰች። ሄደዋል፤ አርባቸው ወጣ፣ ዐርፈዋል፣ ትተውኛል አለች በልቧ። ሻሿን ፈታች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ደረቷ ሙሉ አየር ሳበ።

ፈረቃው ተቀየረ። ካልሲዋን ስታወልቅ እግሯን ሳታይ ቶሎ ብላ በደረቷ ተኛች፤ ፊቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። ከታች የሚታያት የሲሚንቶው ወለልና የአንሶላው ጥላ ብቻ ነው። ዘይት፣ በረኪና፣ ላብ። የመጀመሪያዋ ፋንታነሽ ናት፤ እጇ ትንሽና ፈጣን ነው። አረጋሽ ሲነኳት አመማት፤ ጥርሷን ነከሰች። ፋንታነሽ ለአፍታ ቆመች፤ ምናልባት ሙቀቱ ተሰምቷት ይሆናል፤ ግን ፈተና ነው፣ ጓደኛዋም አረጋሽ ናት፤ ቁጥሯን ጽፋ አለፈች። ሁለተኛው ቀዝቃዛ እጅ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ነካ ነካ አድርገው አለፉ። ስድስተኛው ማርከሩን ከድኖ ሄደ። አለቀ ብላ ትንፋሿን ለቀቀች።

«ማነው ጫማውን ያወለቀው?» አሉ መምህር ልሳነወርቅ።

የቆሙት ሁሉ በጫማቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«እዚህ ውስጥ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው አለ» አሉ መምህሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ተረከዙ ወለሉን ይፍቀዋል።»

አረጋሽም ሰማችው፤ ደረቅ ቆዳ ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት፣ ገመዱ አንዴ ሲርገበገብ። የአዳራሹ ድምፅ ሁሉ ያ የምታውቀው በር እንደተዘጋበት ራቀ። የቅቤ ሽታ ከቀዳዳው ሥር ወደ ፊቷ ወጣ። ከዚያ ሁለት እጆች፣ ያለ ምንም መቸኮል፣ ባቷ ላይ ዐረፉ። አንደኛው አውራ ጣት እንደ ቀንድ የጠነከረ ነበር።

እጅዎን ያንሡ፣ እጅዎን ያንሡልኝ ልትል ፈለገች። የተኛ ሰው አይናገርም። ይህን ሕግ ስድስት ወር ሙሉ ሰውነቷ ለምዶታል፤ ዝምታውንም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጉሮሮዋ ለምዶታል፤ አሁን በምታስፈልጋት ሰዓት ድምፅ ፍለጋ ብትወርድ ምንም አላገኘችም። እጆቹ ከተረከዟ ጀመሩ። በደንብ ያጠና ሰው እጅ ነው፦ ጅማቱን በሁለት ጣት ያዘ፣ ጠፍጣፋውን ጡንቻ አገኘ፣ የባለ ሁለት ራሱን መሐል ከፈለ፣ ያበጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ልክ እንደሷ ቆመ፤ ልክ እንደሷም ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጠበቅ አድርጎ ወደ ላይ ነዳው። ውስጧ አንዲት ትንሽ ነገር ከተጣበቀችበት ስትላቀቅ ተሰማት። ሕመሙ ወዲያው ጠፋ። ከጉልበቷ በላይ፣ በጭኗ ውስጥ፣ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ መንገድ ጀመረ።

እጆቹ ተነሡ። ቆርቆሮው እንደገና ቀጭ አለ፣ ባጃጁ ጮኸ፣ ተማሪዎቹ መሣቅ ጀመሩ፤ ፈተናው አልቋል። መምህር ልሳነወርቅ ገመዱን እየዳሰሱ ወደ አልጋዋ መጡ፤ ፊታቸው ላብ አቸፍችፎበታል፣ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘንብለዋል።

«አረጋሽ፣ ደህና ነሽ? እግርሽ እንዴት ነው?»

ቁጭ አለች። ባቷ ላይ ስድስት ሰዎች በሐምራዊ የጻፏቸው ቁጥሮች በቅቤ ተፍቀው ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበቷ አቅጣጫ ተጎትተዋል። እግሯን ወደ ወለሉ አወረደች፤ እንደ ላባ ሆኖላታል፤ አፏ ውስጥ ያለው ቃል የራሷ እንዳልሆነ ብታውቅም ሌላ ቃል ግን አልመጣላትም።

«ቀለል አለኝ» አለችና ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።